ምዕራፍ ሰባት፦ ጭነት የማይጫንበት ፒካፕ

አንድ ዕቃ ብርቅ የሚሆነው ጥቂት ስለተሠራ ይመስለናል። በስፖርት መኪኖች ዘንድ ይህ አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው፤ ፋብሪካው ጥቂት ደርዘን አውጥቶ ያቆማል፣ ባለጸጎች ገዝተው ሸራ አልብሰው ያኖሯቸዋል፣ ወራሾቻቸው ለጨረታ ያቀርቧቸዋል። የፒካፕ ታሪክ የተገላቢጦሽ ነው። የአሜሪካው ዶጅ ከ1946 ጀምሮ (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያመረታቸው ፓወር ዋገን ፒካፖች ወደ 95,000 ይጠጋሉ። ትንሽ ቁጥር አይደለም። ሆኖም ዛሬ ተፈትቶ፣ ታጥቦ፣ እንደገና የተገጠመ ፓወር ዋገን ልግዛ የሚል ሰው ለአዲስ ቅንጡ ፒካፕ ከሚከፍለው የማያንስ፣ አንዳንዴም እጥፍ የሚሆን ገንዘብ ይጠየቃል። ከ95,000ው አብዛኛው የት ገባ?

በሥራ አለቀ። እነዚህን መኪኖች የገዟቸው ገበሬዎች፣ የማዕድን ቁፋሮ ድርጅቶች፣ የመብራትና የስልክ መሥመር ዘርጊዎች፣ የደን ጠባቂዎች ነበሩ። አንዳቸውም መኪናውን ለማስቀመጥ አልገዙትም። ፓራፋንጎው ሲጎብጥ በመዶሻ ይመለሳል፣ የጭነት ሣጥኑ ሲበሳ አንድ ቁራጭ ላሜራ ይለጠፍበታል፣ ሞተሩ ሲደክም ከሌላ መኪና የተነቀለ ይገጠምለታል። በመጨረሻ አላነሳ ሲል ከጎተራው ጀርባ ይገፋና ሣር ይበቅልበታል፤ የብረት ዋጋ ሲጨምር ደግሞ በኪሎ ይሸጣል። ከዚህ ዕጣ በብዛት ያመለጡት የእሳት አደጋ መኪና ሆነው የተገዙት ናቸው። የገጠር ከተማ እሳት አደጋ ጣቢያ ውስጥ ጣሪያ ሥር ቆመው፣ በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ ወጥተው፣ በየሳምንቱ ሞተራቸው እየተነሳ እየተፈተሸ ዕድሜያቸውን ገፉ። ዛሬ ሰብሳቢዎች ገና የፋብሪካ ቀለሙ ያለበት ፓወር ዋገን ሲያገኙ መጀመሪያ የሚጠይቁት የእሳት አደጋ መኪና እንደነበረ ነው።

በአራቱም ጎማ የሚነዳ ፒካፕ በዚያ ዘመን ለምን እንደተወደደና ለምን በጥቂት እጆች ብቻ እንደተሠራ ለመረዳት ከፊት ጎማ መጀመር ያስፈልጋል። የኋላ ጎማ የሚዞረው በአንድ አቅጣጫ ነው፤ ኃይሉን ከሞተር በቀጥተኛ ዘንግ መላክ ይቻላል። የፊት ጎማ ግን መሪው ሲዞር ይዞራል፤ ኃይል ተቀብሎ መንዳትም አለበት። ዘንጉ እየታጠፈ፣ በታጠፈበትም ሁሉ ፍጥነቱን ሳይቀይር መዞር ይኖርበታል። በሁለት ሹካዎችና በአንድ መስቀል የሚሠራው ተራው መጋጠሚያ፣ የእኛ መካኒኮች ክሮቼራ የሚሉት፣ በስፋት ሲታጠፍ በየዙሩ ይፈጥናል ይዘገያል፤ መሪው በሾፌሩ እጅ ላይ ይንቀጠቀጣል። በ1920ዎቹ አልፍሬድ ርዜፓ የተባለ የፎርድ መሐንዲስ በስድስት የብረት ኳሶች መካከል ኃይልን በእኩል ፍጥነት የሚያስተላልፍ መጋጠሚያ ፈጠረ። ነገር ግን ኳሶቹ የሚንሸራተቱበትን ጎድጓዳ ቦይ በጥንቃቄ መቅረጽ ውድ ሥራ ነበር። ለገበሬ መኪና ማን ያንን ይከፍላል?

የከፈለው ጦርነቱ ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር የአሜሪካ ጦር በአራት ጎማ የሚነዱ መኪኖችን በመቶ ሺዎች አዘዘ፣ ፋብሪካዎችም መጋጠሚያውን በገፍ ማምረት ተማሩ። ዶጅ ለጦሩ የሠራው የሦስት አራተኛ ቶን መኪና ወታደሮችን በጭቃና በበረዶ አመላልሶ ነበርና፣ ከጦርነቱ በኋላ ፋብሪካው ያንኑ ሻንሲና ዲፈረንሻል ይዞ ጋቢናውን በሲቪል ብረት ለወጠው። ፓወር ዋገን የተወለደው እንዲህ ነው፤ ለተራ ገዢ በብዛት የተመረተ የመጀመሪያው የአሜሪካ ባለ አራት ጎማ ኃይል ፒካፕ ይባላል።

ይህን መኪና ቀረብ ብሎ ላየው ሰው ውበት የሚባል ነገር የለበትም። ጎማዎቹ ቀጥ ያሉና ቀጫጭን ናቸው፣ ፓራፋንጎው ጠፍጣፋ ነው፣ ባለስድስት ሲሊንደር ሞተሩ ወደ 94 የፈረስ ጉልበት ብቻ ያወጣል። ምሥጢሩ በማርሹ ላይ ነው። ዲፈረንሻሉ 5.83 ለ 1 ነው፤ ጎማው አንድ ጊዜ እስኪዞር ኃይል አስተላላፊ ዘንጉ ስድስት ጊዜ ያህል ይዞራል፣ ከዚያ በፊት ደግሞ አራት ማርሽ ያለው ካምቢዮና ከባድና ቀላል የሚል ተጨማሪ ማርሽ አሉ። በውጤቱም መኪናው ከሰው እርምጃ በዝግታ እየሄደ ማንኛውንም ነገር ይጎትታል፤ በአስፋልት ግን በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ሲገፋ ይጮሃል። ከፊት መከላከያው ኋላ ከባድ ዊንች ሊኖረው ይችላል፣ ከሥሩ ደግሞ ሞተሩን ወደ ሌላ ማሽን የሚያገናኝ ዘንግ ይወጣል። አንድ ገበሬ በዚህ ዘንግ መጋዝ ይነዳል፣ ውሃ ይስባል፣ እህል ይወቃል። እንግዲህ ይህ መኪና ቆሞም ይሠራል፤ ቆሞ የሚሠራ መኪና ደግሞ ኪሎ ሜትሩ ሳይቆጥር ያረጃል። በአሜሪካ ለሲቪል ገበያ መሸጡ በ1968 ቆመ፤ ለውጭ አገር ጦሮች መሠራቱ ግን እስከ 1970ዎቹ መጨረሻ ቀጠለ።

ሌሎቹ ትልልቅ ፋብሪካዎች በዚህ ጊዜ ምን ይሠሩ ነበር? ለረጅም ጊዜ ምንም። ፎርድ ፒካፔን በአራት ጎማ አስነዱልኝ የሚል ገዢ ኢንዲያናፖሊስ ወዳለው ማርሞን ሄሪንግተን ይልካል፤ ይህ ኩባንያ በ1931 ተመሥርቶ ከ1930ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የፎርድ መኪኖችን ፈትቶ በአዲስ የፊት አክስል ያስነዳ ነበር። ሼቭሮሌትና ጂኤምሲ የፈለገ ደግሞ ሚኒያፖሊስ የሚገኘውን ናፕኮን ይፈልጋል። ናፕኮ በመጀመሪያ የተራረፈ የጦር መኪና መለዋወጫ እየገዛ የሚሸጥ ድርጅት ነበር፤ በኋላ የፊት አክስሉን፣ ማርሽ ማከፋፈያውንና የሚገናኙበትን ዘንግ በአንድ ሣጥን አሽጎ መሸጥ ጀመረ። የማስታወቂያ ፎቶዎቹ አሁንም አሉ፦ ሁለት መካኒኮች አንድ ፒካፕ አንስተው፣ ከሰዓታት በኋላ ከፋብሪካ የወጣ የሚመስል ባለ አራት ጎማ ኃይል መኪና አድርገው ያወርዱታል። ከ1956 ጀምሮ ጂኤምሲ፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ሼቭሮሌት ይህንኑ ዕቃ በፋብሪካቸው ውስጥ እየገጠሙ መሸጥ ጀመሩ።

የዋጋው ነገር ግን ከባድ ነበር። የናፕኮው ዕቃ ብቻ ከ1,000 ዶላር በላይ ያስከፍላል፤ ፒካፑ ራሱ ገና ከ2,000 ዶላር በታች በነበረበት ዘመን ማለት ነው። መኪና ገዝቶ ግማሹን ያህል ጨምሮ ከፍሎ ጭቃ የሚያሸንፈው ሰው ማን ነው? በእውነት ያለ እሱ የማይሆንለት ብቻ፤ የደን ጠባቂ፣ ተራራ ላይ ከብት ያለው፣ የመብራት ኃይል። ስለዚህ የተሸጡት ትንሽ ሆኑ፣ የገዟቸውም መኪናን የማይምሩ ሰዎች ነበሩ። ፎርድ በ1959፣ የሼቭሮሌትና የጂኤምሲ ባለቤት ጄኔራል ሞተርስ በ1960 የራሳቸውን የፊት አክስል በፋብሪካቸው መሥራት ሲጀምሩ ዋጋው ወረደ፣ ቁጥሩ ጨመረ። ለዚህ ነው ሰብሳቢዎች ከ1960 በፊትና በኋላ ብለው ሁለት ዘመን የሚቆጥሩት። ከዚያ በፊት የተሠራ፣ ናፕኮው ከፋብሪካ እንደተገጠመ የሚያሳይ ወረቀት ያለው ሼቭሮሌት ዛሬ በጨረታ ከ100,000 ዶላር በላይ ሲሸጥ ታይቷል። የማጭበርበሪያው በርም የሚከፈተው እዚሁ ነው፤ ዕቃው በቦሎን የሚገጠም ስለሆነ ከአንድ የወደቀ መኪና ነቅሎ ሌላ ላይ መግጠም ይቻላል። ወረቀት የሌለው ናፕኮ ባለ አራት ጎማ ኃይል መኪና ነው፤ ብርቅ መኪና መሆኑን ግን ማረጋገጥ አይቻልም።

ወደ እኛ ዓይን የቀረበው ግን የጃፓኑ ነው። ቶዮታ በ1951 በጂፕ አምሳል የሠራውን መኪና ለጃፓን ብሔራዊ ፖሊስ ተጠባባቂ ኃይል ሊሸጥ ፈልጎ ተወዳድሮ ተሸነፈ። የሙከራ ሾፌሩ ኢቺሮ ታይራ ግን መኪናውን ይዞ የፉጂን ተራራ እስከ ስድስተኛው ማረፊያ ወጣ፤ ከዚያ በፊት በሞተር መኪና እዚያ የደረሰ አልነበረም። ላንድክሩዘር የሚለው ስም የመጣው በ1954 ነው። በ1960 የወጣው ባለ 40 ተከታታይ ቁጥር መኪና እስከ 1984 ድረስ ተመረተ። ኤፍጄ 45 የሚባለው ረጅሙ ፒካፕ የዚሁ ቤተሰብ ነው፦ ባለስድስት ሲሊንደር 3.9 ሊትር ቤንዚን ሞተር፣ ከፊትም ከኋላም ባሌስትራ፣ ቀጥ ያለ መስታወት፣ ሾፌሩና ሁለት ሰዎች የሚቀመጡበት ጋቢና። የሞተሩ ድምፅ ለአሜሪካዊ ጆሮ የሚታወቅ መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቶዮታ በ1930ዎቹ ሞተር መሥራት የተማረው የሼቭሮሌትን ሞተር ፈትቶ እያጠና ነበር።

ኤፍጄ 45 የት እንደሄደ ስንከታተል አብዛኛው ጉዞ ወደ ከባድ ሥራ ይወስደናል። ለአውስትራሊያ በር የከፈተው የስኖዊ ተራሮች የኃይል ማመንጫ ግንባታ ነው፤ ሌስሊ ቲስ የተባለ ተቋራጭ በ1958 የመጀመሪያዎቹን ላንድክሩዘሮች አስገብቶ በዋሻ ቁፋሮው ላይ ተገለገለባቸው። ከዚያ በኋላ የአገሪቱ የከብት እርሻና የማዕድን ማውጫ በቶዮታ ሆነ። በላቲን አሜሪካ ቡና ያወርዱበታል፣ በባሕረ ሰላጤው ነዳጅ ፈላጊዎች በረሃ ያቋርጡበታል። በአፍሪካ ደግሞ የቶዮታ ፒካፕ ጦር ሜዳ ድረስ ዘለቀ። በ1987 የቻድ ጦር መትረየስና ሚላን ጸረ ታንክ ሚሳይል የጫኑ ቶዮታ ፒካፖችን ይዞ የሊቢያን የጦር ሠፈሮች ፋዳንና ዋዲ ዱምን በፍጥነት መታ፤ ታንኮቹ አፈሙዛቸውን ሳያዞሩ ፒካፖቹ ከጎናቸው ይደርሳሉ። ጦርነቱ ራሱ የቶዮታ ጦርነት ተባለ። እንዲህ ያለ ሕይወት ያለፈበት መኪና ተርፎ በሰብሳቢ እጅ ሲገኝ ብርቅ ይሆናል።

የቀሩትንም ዝገት ይበላቸዋል። በዚህ ነገር ላይ ላንድሮቨር ጥሩ መነጻጸሪያ ነው። በ1948 እንግሊዝ ውስጥ ሲወጣ ከጦርነቱ በኋላ የብረት ላሜራ በኮታ ስለነበር አካሉ ከአሉሚኒየም ቅይጥ ተሠራ። ሻንሲው ይዝጋል፣ አካሉ ግን አይበሳም፤ ስለዚህ የተረፉት ብዙ ናቸው፣ ዋጋቸውም በአብዛኛው ያን ያህል አይሰቀልም። የኤፍጄ 45 አካል ግን ብረት ነው። ውሃ በጣሪያው ጠርዝ ያለችውን ትንሽ ቦይ ይዞ ገብቶ ከውስጥ ይበላዋል፤ ከጋቢናው ጀርባ በታች ባለው መጋጠሚያ ጭቃ ተከማችቶ እርጥበቱን ይይዛል፤ የጭነት ሣጥኑ ወለል ፍግና የማዳበሪያ ጨው ሲጫንበት ይቦረቦራል። ከውጭ ሲያዩት ቀለሙ ደህና የሆነ መኪና በመዶሻ ጫፍ ቢነኩት ስቱኮው ይወድቃል። ዝገት የበላውን ከተጠገነው የሚለየው ዓይን እንጂ ቀለም አይደለም።

አሜሪካ ውስጥ ኤፍጄ 45 ብርቅ የሆነበት ተጨማሪ ምክንያት ዶሮ ነው ቢባል ቀልድ ይመስላል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፈረንሳይና ምዕራብ ጀርመን ርካሽ የአሜሪካ ዶሮ ገበያቸውን ሲያጥለቀልቅ ቀረጥ ጣሉበት። ፕሬዚዳንት ጆንሰን በምላሹ ከ1964 ጀምሮ ከውጭ በሚገቡ ቀላል የጭነት መኪናዎች ላይ 25 በመቶ ቀረጥ ጣለ። ከዶሮው ጋር የተጣሉት ሌሎች ቀረጦች ቀስ በቀስ ተነሡ፣ የፒካፑ ግን እስከ ዛሬ አለ። ቶዮታ ፒካፑን ለአሜሪካ ገበያ ያቀረበው እስከ 1967 ብቻ ነበር፤ የተሸጡትም ጥቂት ናቸው። ከዚያ በኋላ በሩ የተከፈተው በ1988 በወጣው ሕግ ነው። ሕጉ የመኪና ደህንነት ደረጃ ያላሟላ ማንኛውም የውጭ መኪና እንዳይገባ ከለከለ፤ 25 ዓመት የሞላቸውን ግን ነፃ አደረገ። መንገዱ ለአሮጌዎቹ ክፍት ሆነ ማለት ነው። የአውስትራሊያዎቹ መሪያቸው በቀኝ ስለሆነ አሜሪካዊው ገዢ ብዙም አይወዳቸውም፤ ስለዚህ ነጋዴዎች ወደ ኮሎምቢያ፣ ወደ ቬኔዝዌላ፣ ወደ ኮስታሪካ ዞሩ። ኮሎምቢያ ውስጥ ላንድክሩዘር አድሶ ወደ አሜሪካ መላክ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል።

ማደስ የሚለው ቃል በብዙ ሰው አእምሮ ቀለም መቀባት ነው። እውነተኛው ሥራ ግን መኪናውን እስከ ባዶ ሻንሲ መፍታት ነው። አካሉ ከሻንሲው ላይ ይነሣል፤ ሻንሲው በአሸዋ ተነፍቶ ዝገቱ ይራገፋል፤ ስንጥቅ ካለ ይበየዳል፤ እያንዳንዱ ቦሎን በመጠኑ ይለያል። የፊት አክስሉ ሲከፈት ከላይ እስከ ታች አሮጌ ቅባትና ጭቃ የተቀላቀለበት ጥቁር ሊጥ ይወጣል፤ ከሥሩ ኩሽኔታዎቹ ደርቀው ወይም ተቆርጠው ይገኛሉ፣ ዘንጉ የሚዞርበት የብረት ኳስ ተጠርቧል። በደንብ የሚሠራ ጋራዥ ለአንድ መኪና ከ1,000 ሰዓት በላይ ቢያወጣ የሚገርም አይደለም። በሰዓት ሒሳብ ስንሠራው ማደሱ ከመኪናው ዋጋ ይበልጣል፤ ለዚህም ነው ብዙ ባለቤቶች ያወጡትን ገንዘብ ፈጽሞ የማይመልሱት። ታድሶ የቀረበ ኤፍጄ 45 ከ100,000 ዶላር በላይ ሲሸጥ ሻጩ አተረፈ ብለን እናስባለን፤ ብዙ ጊዜ ሻጩ ከኪሳራው የተወሰነውን ቀነሰ ማለት ብቻ ነው።

ከዚህ ላይ አንድ አስተያየት ልጨምር። የታደሱት ከመጠን በላይ ታድሰዋል። ሼቭሮሌት የጭነት ሣጥኑን ወለል ያነጠፈው በርካሽ ጥድ ሳንቃ ነበር፤ ላዩም ሊጠፋ የሚችል ቀለም ይቀባ ነበር። ዛሬ በኤግዚቢሽን የምናያቸው መኪኖች ወለላቸው የተወለወለ ኦክ ነው፣ በመሐሉ አብረቅራቂ የብረት ዘንግ ተዘርግቷል። አንድ ኩንታል ስንዴ ቢጫንበት ባለቤቱ ይታመማል። ሌሎች ደግሞ አካሉን ትተው ከሥሩ አዲስ ባለስምንት ሲሊንደር ሞተር፣ ዲስክ ፍሬንና አየር ማቀዝቀዣ ይገጥማሉ፤ ይህ የሚሸጠው ለተለየ ገዢ ነው፣ መንዳት ለሚፈልግ። ታሪኩን የሚገዛ ሰው ግን እንደ ፋብሪካው የደረቀ ባሌስትራና ከባድ መሪ ይፈልጋል።

እኛ አገር የአሮጌ ፒካፕ ዋጋ በሌላ ሒሳብ ይሠላል። ላንድክሩዘር ለአሥርተ ዓመታት የእርዳታ ድርጅት፣ የወረዳ አስተዳደርና የጤና ጣቢያ መኪና ሆኖ ኖሯል፤ ሲደክም ከመርካቶ ሶማሌ ተራ የተገኘው መለዋወጫ ይገጠምለታል፣ ሞተሩ ከሌላ ሞዴል ቢመጣም ማንም አይጠይቅም፣ መሥራቱ ብቻ ይበቃል። በ2020 የወጣው የኤክሳይስ አዋጅ ያረጀ መኪና ማስገባትን እጅግ ውድ አደረገ፤ በ2024 መጀመሪያ ደግሞ በነዳጅ የሚነዱ አውቶሞቢሎችን ማስገባት ተከለከለ። ስለዚህ እዚህ ያለ አሮጌ መኪና ዋጋው የማይወርደው የሚተካው ስለሌለ ነው። በአሜሪካ ሰብሳቢ ዘንድ ግን ሞተሩ የተቀየረ ኤፍጄ 45 ከዋጋው ያጣል። የአዲስ አበባ መካኒክ ያዳነው መኪና ለሰብሳቢ የማይሆንበት፣ ለሰብሳቢ የሚሆነው ደግሞ ጎጃም በረንዳ ጭነት የማይጫንበት ምክንያት ይኸው ነው።

የገበያው ቀጣይ ጥያቄ የሚመጣው ከፋብሪካው ራሱ ነው። ቶዮታ በ2021 የባለ 40 ላንድክሩዘሩን መለዋወጫ እንደገና ለማምረት መወሰኑን አስታወቀ። ቀድሞውኑም የግል አምራቾች ሙሉ አካሉን ከብረት፣ ካናዳ ውስጥ ደግሞ ከአሉሚኒየም እየሠሩ ይሸጣሉ። ከዚህ በኋላ አንድን ኤፍጄ 45 ከአዲስ ዕቃ ብቻ መገጣጠም የሚከለክል ነገር ጥቂት ነው፤ አሮጌ የሚሆነው ሻንሲው ላይ የተመታው ቁጥር ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ልምድ ያለው ገዢ ኮፈኑን ከመክፈቱ በፊት በእጁ ባትሪ ይዞ ከፊት በስተቀኝ ባለው የሻንሲ ክንፍ ሥር ይጎነበሳል። ቀለሙን በብሩሽ ያጸዳል፣ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ያመሳክራል፣ ከዚያም የፊደሎቹን ጥልቀትና አሰላለፍ ያያል፤ ፋብሪካው የመታቸው ቁጥሮች እኩል ገብተዋል፣ በእጅ የተመቱት አንዱ ይጠልቃል አንዱ ይነሣል። በቁጥሩ ዙሪያ የመፍጫ ጭረት ካየ ተነሥቶ ጉልበቱን ያራግፍና ስለ ቀለሙ ማመስገን ይጀምራል፤ ዋጋ የሚጠይቅበት መኪና አይደለም።